የእታፈራሁ ምስክርነት

እታፈራሁ ቦዲቲ ገበያ ቅቤ ስትነግድ የኖረች፣ የሚለበልብ የቃሪያ ዳጣ ካልበዛበት ምግብ አይወርድልኝም የምትል ሴት ናት። ደረቅ ሳል ለወራት አልለቅ ሲላት ሶዶ ሄዳ ተመረመረች። በሲቲ ስካኑ ሳንባዋ ላይ ምስር የምታክል እባጭ ታየች።

«እናቴ፣ እንዲህ ያለችው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለችም» አላት ሐኪሙ። «ግን ማደግ አለማደጓን ማየት አለብን፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ሲቲ ስካን ትነሺያለሽ። ሳልሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከጨጓራሽ ነው። መድኃኒቱን ውሰጂ፣ ዳጣውንም ቀነስ አድርጊ።»

መድኃኒቱን ዋጠች፣ ዳጣውንም እያዘነች ተወችው፤ ሳሉ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ከዚያማ ማን ይቻላት! እሁድ ቸርች መድረክ ላይ ወጥታ «ሳሌም እባጯም ጠፉልኝ!» ብላ መሰከረች፤ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ከልቧ ነበር። ግን ወይኔ እታፈራሁ! የጠፋው ሳሉ ነው እንጂ እባጯን ማን አይቶልሽ?

ቀጠሮው ሲደርስ ሐኪም ቤት ብትታይ ሰው ምን ይላል? «እምነቷ ጎደለ» ነዋ! የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ቀረች።

ዓመት አልፎ ሳሉ ተመለሰ፤ ይኼኛው በጨጓራ መድኃኒት የሚመለስ አልሆነም። አፏን በነጠላዋ እያፈነች ከጉባኤው ሹልክ ማለት ለመደች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች ሌላውን ስትመክር የኖረች ሴት፣ የራሷን ሆድ ይፍጀው አለች። ከሞት ይልቅ ሐፍረቱን ፈርታ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቷ መስከረም መጣች። እሷም ሳንባዋ ላይ ትንሽ እባጭ ተገኝቶባት የመልስ ቀጠሮዋ በማግስቱ ነበር።

«እትዬ፣ ልቀር ነው» አለች ፊቷ በርቶ። «አንቺስ ሳትመለሺ አይደል የዳንሽው?»

እታፈራሁ ደነገጠች። ዝም ብትል ስሟ ይተርፋል፤ ይህቺ የልጆች እናትስ?

«መስኪዬ፣ መዳኔን አላውቅም» አለች። «ሳሉ ሲተወኝ ሁሉም የጠፋ መሰለኝ። አሁን ይኸው ተመልሷል። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

ሄዱ፤ ሁለቱም ሲቲ ስካን ተነሱ። የመስከረም እንዳለች ናት፤ አላደገችም። የእታፈራሁን ግን ሐኪሙ ከአሮጌው ምስል ጋር ደጋግሞ አየው።

«በቀጠሮሽ ብትመጪ ትንሽ እያለች ማውጣት ይቻል ነበር» አላት ቀስ ብሎ። «አሁን በሽታው ተዛምቷል። ምነው ቀረሽ?»

«ሳሉ ተሽሎኝ ነበር» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ውጭ መስከረም በደስታ እያለቀሰች ተጠመጠመችባት። «እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ ቀርቼ ነበር! ያንቺስ?»

«የኔ አድጓል።»

መስከረም ክው አለች። ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል ውጤቷን ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ተይ፣ አትደብቂው» አለቻት እታፈራሁ። «ዛሬ ደስ ይበልሽ። ለኔ ሌላ ቀን ታለቅሺያለሽ።»