የክሩ እስትንፋስ

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ታናሽ እህቴ የመጣችው ካሴቶቼን ልታስጥለኝ ነው። ሁሉንም በኮምፒውተር አስገልብጣ በአንዲት ፍላሽ ይዛቸዋለች።

"ጋሼ፣ ያ ሁሉ አቧራ ጥፍር በምታህል ነገር ውስጥ ገባልህ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?"

"ንጹሕ ነው፤ አልካድኩም። ግን በዚህኛው ዘፋኙ ሳያንኳኳ ነው ዘው የሚለው። ካሴት ሲሆን ክሩ መጀመሪያ ሽ... እያለ ይተነፍሳል። ሰው በር ላይ መቆሙን ታውቂያለሽ።"

ሳቀች። "በል ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር። ቴፕህ ሁለቱንም ያጫውት የለ? ሦስቴ ከለየህ ዳግመኛ ትንፍሽ አልልም። ከሳትክ ዛሬውኑ በማዳበሪያ ጭኜ እሄዳለሁ።"

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የሚያናግሩኝ እነዚያ ካሴቶች ናቸው። ቢሆንም አልፈራሁም፤ ሃያ ዓመት ያለ አስተማሪ ያሠለጠንኩት ጆሮ ነው።

አንደኛው ካሴት ነበር፤ ድምፁ ትንሽ ይወዛወዛል። ሁለተኛው ፍላሽ፤ ከበሮው ስለት አለው።

"አንተ ሰውዬ ጠንቋይ ነህ እንዴ!"

"በስመ አብ በይ! ቀጥዪ።"

ጸጥ አለች። ሽ... የሚለው መጣ። ዘፈኑን አልጠበቅኩም።

"ካሴት!"

"የቱ?"

"ክሩ ሲዞር ይሰማኛላ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልከፈትኩም። ፍላሹ ሶፋ ሥር ገብቶብኝ እየፈለግኩ ነው። ሶኬቱንም መሰለኝ ነቅዬዋለሁ።"

ዞር አልኩ። የቴፑ መብራት ጠፍቷል። ሁለቱን ጆሮዎቼን በጣቶቼ ደፈንኩ። ሽ... እዚያው አለ፤ እንዲያውም ጎላ። ስንት ወር ክሩ ነው ስል ኖሬ ይሆን? ማለዳ ከጸሎት በኋላ የሚሰማኝንም ጸጥታ ነው ብዬ አምላኬን አመሰግንበት ነበር።

"ስቻለሁ" አልኳት። "ውሰጃቸው።"

"ውይ፣ ቀልዴን እኮ ነው! ይቀመጡልህ። አኮረፍክ እንዴ?" ቦርሳዋን አነሳች። ልጆቿ ይጠብቋታል።

"ትንሽ ተቀመጪ። አጫውቺኝ።"

"ምን ላጫውትህ?"

"የፈለግሽውን። ብቻ ዝም አትበይ።"

"ጉድ ፈላ! በመጣሁ ቁጥር 'እስቲ ዝም በይ፣ ልስማበት' የምትለኝ ሰውዬ?"

ቦርሳዋን ታቅፋ በሶፋው ጫፍ ተቀመጠች። የውሃ መስመር አላሠራ ስላለቻት አከራይዋ ታወራኝ ጀመር። እሷ ስታወራ ሽ... የሚለው አይሰማም። ትንፋሽ ልትወስድ ቆም ስትል ግን ይመጣል። ሰዓቷን አየች።

"እና አከራይሽ ምን መለሰች?" አልኳት ቶሎ ብዬ።