ዶቃዋስ?

"ቁልፉን ስጠኝ አልኩህ! ጀልባዋን ውሃ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ!" ሃርላን የመኪናውን በር በመዳፉ ይደበድባል።

"ጋሼ፣ ገብታለች እኮ። ዞር በልና እያት" አለ ዌንደል።

ሃርላን ዞር ብሎ አየ። ጀልባዋ ከእንጨቱ የጀልባ መድረክ አጠገብ ታስራ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። ከሃያ ደቂቃ በፊት ገመዷን ያሰረው ራሱ ነበር። ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገና፣ "እሱማ መች ጠፋኝ። አንተ ነቅተህ እንደሆነ ልፈትንህ ብዬ ነው" አለ።

"ነቅቻለሁ፣ ነቅቻለሁ።"

"ዘጠኝ ዓመትህ ላይም እንደዚሁ ነበር የምትለው። ከዚያ ጀልባው ውስጥ ታንኮራፋለህ።"

ዌንደል ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወንድሙ ደግሞ ሰባ አራት። የሁለቱም ሚስቶች ከሞቱ ወዲህ በአንድ ጣራ ሥር ኖረዋል፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ዌንደል ወንድሙን እንደ ሕፃን ነው የሚጠብቀው። በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ሃርላንን ወደ አረጋውያን መጦሪያ የሚያስገባ ነው። ታሚ፣ የሃርላን አንድያ ልጅ፣ የበኩሏን ፈርማ ልካለች። የቀረው ሕጋዊ ውክልናውን የያዘው የዌንደል ፊርማ ነው፤ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል።

ታሚ ላይ መፍረድ አይቻልም። በመጋቢት ሃርላን በነጠላ ጫማ ሐይቁ ላይ ወጥቶ፣ እየሳሳ ባለ በረዶ ላይ ቆሞ ተገኝቷል። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ጋዙን ከፍቶ፣ ክብሪት ሳይጭር፣ ድንቹን ጥዶ ጓሮ ወጣ። ዌንደል ከገበያ ሲመለስ ቤቱ በጋዝ ሽታ ታፍኗል፤ ሃርላን ውጭ ተቀምጦ፣ "ድንቹ ዛሬ ምን ነካው? አልበስል አለ" ይላል።

ይሄን ሁሉ እያወቀ ነው ዌንደል ትናንት ከራሱ ጋር የተዋዋለው። የወንድሙን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አወረደና ክሩ ላይ የነበረውን ሁሉ ቆርጦ ጣለ። ሃርላን ነገ ማንም ሳይነግረው፣ በገዛ እጁ ክሩን ካሰናዳ፣ አልፈርምም አለ። የሰው ዕድሜ በዓሣ ማጥመጃ ክር ይወሰናል? ሞኝነት ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ግን ምን ያድርግ? አባታቸው ሲሞት ዌንደል ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሃርላን ትምህርቱን ጥሎ እህል መጋዘን ገባ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ እሑድ እሑድ ትንሹን ወንድሙን እዚህ ሐይቅ ያመጣው ነበር። እንዲህ አድርጎ ያሳደገውን ሰው በአንድ ፊርማ አሳልፎ መስጠት ያስጨንቃል፤ ከፊርማው የሚያስጥለው ነገር ሲፈልግ ያገኘው ይሄን ብቻ ነው።

ሁለቱ ጀልባዋ ላይ ወጡ፤ ዌንደል ሞተሩን አስነሳ። "ወዴት ልሂድ ጋሼ?"

"ወዴት ልሂድ ይለኛል ደግሞ! ዳር ያለው የውሃ ማማ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ጋር በአንድ መስመር እስኪገጥም ሂድ። ከዚያ የሰመጡት ዛፎች ከሥርህ ናቸው።"

ትክክል ነው። በትክክል እዚያ ነው። ዌንደል እዚያ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።

"ዘንግህ ባዶ ነው" አለው፣ ሌላ ቃል ላለመጨመር ምላሱን ነክሶ።

"አይቻለሁ። ማን ነው የበጠሰው?"

"እኔ እንጃ።"

"አንተ ነህ። ከድሮም ያገኘኸውን መነካካት ትወዳለህ።"

ሃርላን የዕቃ ሳጥኑን ከፈተ። እዚህ ሐይቅ ላይ የሚፈለገው ክራፒ ነው፤ መዳፍ የሚያህል፣ አፉ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ሥጋው ግን የሚጣፍጥ ዓሣ። ክራፒ ከሐይቁ ወለል ላይ አይተኛም። ከዛፎቹ ቅርንጫፍ መሃል ተንጠልጥሎ ይቆምና ወደ ላይ ያያል። ምግቡ ከዓይኑ በላይ ካልመጣለት ዘወር ብሎም አያይም። ስለዚህ ወሳኙ ጥልቀቱ ነው። ክሩ ላይ በቀጭን ፈትል ቋጠሮ ይታሰራል። ከቋጠሮው በታች ዶቃ፣ ከዶቃዋ በታች ክሩ በመሃሉ የሚያልፍበት ተንሳፋፊ ቡሽ፣ ከዚያ የእርሳስ ማስመጫ፣ መጨረሻ ላይ መንጠቆ። ሲወረወር ቡሹ ክሩ ላይ ይንሸራተታል፤ ዶቃዋ ቋጠሮው ጋ ስትደርስ ቀጥ ያደርጋትና ቡሹም ይቆማል። መንጠቆው የተባለበት ጥልቀት ላይ ይንጠለጠላል።

ሃርላን ፈትሉን አወጣ። ክሩ ላይ አምስት ጊዜ ጠመጠመ፣ ጫፉን አሾለከ፣ በምራቁ አራሰ፣ ሳበ። ትናንት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ጣት ነው ይሄን የሚሠራው! ቋጠሮው የሰሊጥ ፍሬ አህሎ ጠበቀ። ከዚያ ክሩን በክንዱ ለካ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ ስድስት ክንድ። የሰመጡት ዛፎች ጫፍ ስድስት ተኩል ላይ ነው። ግማሽ ክንድ ከዓሣው በላይ! ዌንደል ዓይኑ እንባ ሲሞላ ፊቱን ወደ ዳርቻው አዞረ።

"ምን ታፈጣለህ? ዓሣው ያለው እኮ ወዲህ ነው" አለ ሃርላን፣ ክሩን በቡሹ ቀዳዳ እያስገባ።

"ፀሐይዋ ዓይኔን መታችኝ።"

"የሴት ዓይን ነው ያለህ፣ ድሮም ብዬሃለሁ።"

ማስመጫውን ቆነጠጠ፣ መንጠቆውን አሰረ፣ ከባልዲው አንዲት ሕይወት ያላት ትንሽ ዓሣ አውጥቶ ከጀርባዋ ሰካትና ወረወረ። ውርወራው ያ የድሮው ነበር። ዌንደል ስልኩን አወጣ። "ታሚ፣ አልፈርምም። ብታዪው ኖሮ አንቺም" ብሎ ጽፎ ቀና አለ።

የሃርላን ቡሽ በጎኑ ተጋድሟል።

ቡሽ የሚቆመው ከሥሩ የሚጎትተው ክብደት ሲኖር ነው። ማስመጫው ሐይቁ ወለል ላይ ካረፈ ግን የሚጎትተው ይጠፋና ይጋደማል። ዌንደል ለራሱ ማመካኛ ፈለገ። ዛፎቹን አልፎ ወርውሮ ይሆናል። ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ይሆናል።

"እስቲ ሳበውና ድገመው፣ ጋሼ።"

ሃርላን ጠቅልሎ ደገመ። ክሩ ሲወርድ ዌንደል አጎንብሶ አየ። ያቺ ቆንጆ ቋጠሮ መጣች፣ የቡሹ ቀዳዳ ጋ ደረሰች፣ በቀዳዳው ሾልካ ወደ ጨለማው ውሃ ወረደች። የሚያቆማት ዶቃ የለም። ቡሹ እንደገና ተጋደመ።

በዶቃ ምክንያት በልጅነቱ የሰማው ስድብ! በየእሑዱ የሚረሳው ዌንደል ነበር፤ በየእሑዱ ሃርላን የሐይቁን ወፍ እስኪያስበረግግ ይጮህ ነበር። "ዶቃዋስ?" ይለዋል። ቃሏ ቤት ድረስ ገብታ ነበር። ዌንደል ሚስት ሊያገባ ቀለበቱን ኪሱ ውስጥ ሲያጣ፣ ሃርላን ቄሱ ፊት፣ "ዶቃዋስ?" ብሎት ሙሽራዋ ሳትቀር ስቃለች። ዶቃዎቹ ደግሞ የሟች እናታቸው ናቸው። አረንጓዴ የመስታወት ሐብሏ ወጥ ቤት ውስጥ ተበጥሶባት፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ከምድጃው ሥር ስትለቅም ሁለቱም አግዘዋታል። ግማሹ ስላልተገኘ፣ "በሉ ለዓሣችሁ ይሁን" ብላ ሰጠቻቸው። እስከ ዛሬ በትንባሆ ቆርቆሮ ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው ሃርላን እግር ሥር፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ እንደተከደነ ነው።

ማንም ሰው ይረሳል፣ አለ ዌንደል በልቡ። እኔ ስንት ጊዜ ረሳሁ! የራሱን ዘንግ ወረወረ። ቡሹ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ እልም አለ። አንድ ክራፒ አወጣ። ደግሞ ወረወረ፣ ሁለተኛ አወጣ። ሃርላን የተጋደመ ቡሹን እያየ፣ ጉንጩ መቅላት ጀመረ።

"የኔን ዓሣ ነው የምትሰርቀኝ።"

"ቦታ እንቀያየር?"

"ቦታ ምን አደረገ? እነሱ ናቸው ዛሬ የናቁኝ።" ድምፁ ተሰበረ። "ዌንዲ፣ ምንድን ነው ያጠፋሁት? አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ አይደል? ንገረኝ።"

ዌንዲ ብሎ ከጠራው ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ልነግረው ነው፣ ይስቃል፣ ይሰድበኛል፣ ከዚያ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ አለ ዌንደል በልቡ። ቆርቆሮውን አንስቶ ከፈተ፣ አንዷን ዶቃ መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋለት።

"ጋሼ፣ ዶቃዋስ?"

ሃርላን ዶቃዋን አየ። ከዚያ የዌንደልን ፊት አየ። ፊቱ በራ፤ ዌንደልም አብሮት በራ።

"የት አገኘሃት?" አለ ሃርላን በሹክሹክታ።

"ቆርቆሮው ውስጥ ናት እኮ።"

"እማዬ ከምድጃው ሥር ስትፈልጋት ነበር። ጉልበቷን እያመማት።" ዶቃዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አቅንቶ አያት፣ ከዚያ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታትና ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ። "ቤት ስንገባ እኔ ነኝ የምሰጣት። አንተ ትጥላታለህ።"

ሃርላን ክሩ ላይ የጎደለውን አልጠየቀም። ዶቃ ለክር መሆኗን አያውቅም፤ ለአፍታ መርሳት አይደለም፣ ጨርሶ ጠፍቶበታል። ለዌንደል የቀረችው ተስፋ ይቺ ነበረች።

ስልኩን አነሳ። የጻፈውን አንድ በአንድ አጠፋና፣ "ታሚ፣ ነገ ፈርሜ አመጣዋለሁ" ብሎ ላከ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

"አንተ፣ ቡሽህ ሰምጧል!" ብሎ ጮኸ ሃርላን። "ሳበው እንጂ! ምን ዓይነት ዝንጉ ነህ?"

እውነትም ሰምጧል። ዌንደል ዘንጉን ቀስ ብሎ አነሳ፣ ሦስተኛውን ክራፒ ወደ ጀልባዋ አስገባና ከመንጠቆው አላቀቀው። ሃርላን ዓሣውን ሳይሆን የራሱን ቡሽ ነው የሚያየው። ዌንደል ዓሣውን መልሶ ውሃ ውስጥ ለቀቀው። ቀጥሎ ቢላውን አወጣና መንጠቆውን ከክሩ ቆረጠው። ማስመጫውን አወለቀ፣ ቡሹን አወለቀ፣ አረንጓዴዋን ዶቃ ከክሩ ጫፍ መዳፉ ላይ አንሸራተታት።

"እንካ፣ ይቺንም ለእማዬ ጨምርላት" አለ።

ሃርላን ተቀበላት፣ ኪሱን ከፍቶ ከሌላዋ ጋር አስቀመጣት። ዌንደል ቡሹን፣ ማስመጫውንና መንጠቆውን ብቻ መልሶ አሰረ፣ ማባበያ ሰካና ወረወረ። ቡሹ ትንሽ ተንሸራተተ፣ ከሃርላን ቡሽ ጎን መጥቶ ተጋደመ።

"አንተም ምንም የለህ?" አለ ሃርላን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ።

"ምንም የለኝም፣ ጋሼ።"

"ብዬሃለሁ እኮ። ዛሬ እነሱ ናቸው የናቁን" አለ ሃርላን፣ ትከሻው ላላ ብሎ። "ትንሽ እንጠብቃቸው።"

"እንጠብቃቸው" አለ ዌንደል።