ሐይቅ የሌለባት ምድር

መምህር ኤልካና በዚያች እሑድ ስለ አዲሱ ምድር ባያስተምር ኖሮ፣ ጀልባ ሠሪው ኦቢየሮ ምስጢሩን እንደያዘ መቃብር በወረደ ነበር። በሐይቁ ዳር ባለችው በኡዋሬ መንደር የእሱ እጅ ያልነካው ጀልባ ጥቂት ነው። በቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነውና ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ሲጸልይ ድምፁ ስለሚሰበር ሴቶቹ፣ "ይኼ ሰው ልቡ ለእግዜር የቀረበ ነው" ይባባላሉ። ድምፁን የሚሰብረው ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የዶርሲላ አንድ ልጅ ኦድዋር የራሱን ጀልባ አዘዘ። ኦሜና የምትባለው ጣት የማታህል ዓሣ የምትጠመደው ጨረቃ ስትጠፋ በማሾ ብርሃን ነው፤ ጨረቃዋም ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት ስለነበር ልጁ ቸኩሏል። ኦቢየሮም ከእሱ ይልቅ ቸኩሏል፤ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩበትና። የታዘዘው አዲስ ጣውላ ደግሞ በመንገድ ቀረ። ኦቢየሮ ከጓሮ ከተጣለ አሮጌ ጀልባ ላይ አንድ ጣውላ ፈነቀለ። ሲልገው ውስጡ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። የተፈረፈረውን ቦታ በጥጥ ጠቅጥቆ፣ ሬንጅ አፍስሶበት፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ከጀልባዋ ኋላ፣ ከውሃ በታች ከሚውለው ጎን በሚስማር መታው።

"አባባ፣ ይቺ ጣውላ ትንሽ ጠቆረችብኝ" አለ ኦድዋር ጎንበስ ብሎ እየዳሰሰ።

"ሬንጁ ነው። ይልቅ ያዝና እናውርዳት። ይቺ ጀልባ እኔንም አንተንም ቀብራ ነው የምትቀረው።"

ልጁ ሳቀና ትከሻውን ከጀልባዋ ሥር አስገባ።

ጨረቃዋ ሳትመለስ የደቡብ ነፋስ ተነሣ። ከኦድዋር ጋር የነበረው ሰው መቅዘፊያ ታቅፎ ተረፈ፤ "ማዕበል በላን" አለ፣ በጨለማ ያየው እሱን ብቻ ነበርና። ሬሳውን ሐይቁ ራሱ መለሰው። ሰባራውን ጀልባ ደንገል ውስጥ ያገኘው ኦቢየሮ ነው። ያቺ ጣውላ የነበረችበት ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ ጠበቀው። መጥረቢያ አምጥቶ ጀልባዋን ፈለጣትና እንጨቱን ተሸክሞ ለቅሶ ቤት ወሰደው። "ለእሳቱ ይሁን" አለ። ለቀስተኛው በዚያ እሳት ዙሪያ ሲሞቅ አደረ፣ ኦቢየሮንም መረቀው። በማግስቱ ሲጠበቅ የከረመው አዲስ ጣውላ ደረሰ። የኦድዋርን ሬሳ ሳጥን በእሱ ሠራው።

ከዚያ ወዲህ ኦቢየሮ ከዶርሲላ ደጅ አልጠፋም። ማገዶ ያመጣል፣ ዓሣ ያመጣል፣ አጥር ያጥራል። እሷ ባመሰገነችው ቁጥር አንገቱን ይደፋል፤ ሰው ትሕትና ነው ይላል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ አንድ ነገር ያጽናናው ነበር። ይህ ዓለም አላፊ ነው፣ ሁሉ የሚታደስበት፣ እንባ የሚታበስበት ሌላ ዓለም ይመጣል። "እዚያ እነግራታለሁ" ይላል። "እዚያ ልጇ አጠገቧ ቆሞ ስነግራት አያማትም።" ይህችን ተስፋ እንደ ብርድ ልብስ ይጎትታትና ይተኛባታል።

በዚያች እሑድ መምህር ኤልካና፣ የኡዋሬ ሰባኪ፣ ስለ አዲሱ ሰማይና ስለ አዲሱ ምድር አስተማረ። በዚያች ምድር ባሕር እንደማይኖርም ተናገረ። ሐይቅ አርሶ ለሚበላ ሰው ይህ ቀላል ወሬ አይደለምና ጉባኤው ሲበተን ሁሉም በረንዳው ላይ ከበቡት።

"መምህር፣ ሐይቅ ከሌለ እኛ ምን ልንሠራ ነው?" አለ ኦቹዎዶ የሚባል ቀልደኛ ዓሣ አጥማጅ። "ሰማይ ቤት ላም ልንጠብቅ ነው?"

"አንተ መጀመሪያ ግባ፣ ሥራው አይጠፋም።"

"እሱማ መረቡን በር ላይ ይቀማል" አለች አንዲት ሴት። "ጫጩት ዓሣ በሚለቅመው መረብ ማን ያስገባዋል?"

ሰዉ ሳቀ። ዶርሲላ አልሳቀችም። መሐረቧን በጣቷ እየጠቀለለች ጠጋ አለች።

"ሐይቁ ባይኖር እኔ ደስ ይለኛል፣ መምህር። ግን እዚያ ሰው ሰውን ያውቃል?"

"ያውቃል እንጂ።"

"ልጄም ያውቀኛል?"

"ያውቅሻል፣ የኦድዋር እናት።"

"እንግዲያው እኔ አልሄድም።"

ሳቁ ቆመ። ዶርሲላ መሬት መሬቱን እያየች ቀጠለች። "የዚያን ዕለት ማታ 'ሰውነቴ ከብዶኛል፣ ዛሬ ልቅር' ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የሰደብኩት። 'አዲስ ጀልባ አሠርተህ እንደ አሮጊት ምድጃ ዳር ልትውል ነው?' አልኩት። መረቡን አንሥቶ ወጣ፣ ደህና እደሪም አላለኝ። በምን ዓይኔ ነው የማየው?"

"እግዚአብሔር እንባሽን ሁሉ ያብሳል" አላት መምህሩ ቀስ ብሎ።

"እንባዬንስ ይጥረገው። አፌን ምን ያደርገዋል?" ከዚያ ወደ ኦቢየሮ ዞራ በልጁ ስም ጠራችው። "የአኩሙ አባት፣ ያንተ ጸሎት ይሰማል። እስቲ አንተ ጸልይልኝ።"

ኦቢየሮ "እሺ" አለ።

ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ዩኒታ ኡጋሊውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ከነወጡ ብታቀርብለት ሁለቴ ጠቅልሎ መልሶ አስቀመጠው። እስከዚያች ቀን ሸክሙን ለብቻው የተሸከመ ይመስለው ነበር። ለካ እሱ ዝም ባለ ቁጥር ሸክሙን የምትሸከመው ዶርሲላ ኖራለች። ልቡ ደግሞ ይከራከረው ጀመር። "አሁን ብትነግራት ልጇን ሁለተኛ መግደል ነው። ለእሷ ስትል ነው ዝም ያልከው" ይለዋል። ኦቢየሮ ይህን ክርክር ያውቀዋል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሸነፍለት ኖሯል።

በነጋታው ጠዋት ሄደ። ዶርሲላ ግቢዋ ውስጥ፣ እንደ አገሩ ልማድ እዚያው ካለው ከልጇ መቃብር ፈንጠር ብላ፣ ያረጀ መረብ መሬት ላይ ዘርግታ ኦሜና ታሰጣ ነበር።

"ግባ፣ የአኩሙ አባት። በጠዋት ምን እግር ጣለህ?"

"ኦድዋርን የገደልሽው አንቺ አይደለሽም።"

"ማዕበሉ ነው ልትለኝ ነው? ስንቱ ብሎኛል።"

"ማዕበሉም አይደለም። እኔ ነኝ።"

ቆሞ ነገራት። ስለ አሮጌው ጣውላ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ቀለሙ፣ ደንገል ውስጥ ስላየው ቀዳዳ፣ ለቅሶ ላይ ስላቃጠለው እንጨት፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት። እሷ ዓሣውን መበተኗን አላቋረጠችም፤ እጇ ብቻ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደና ቆመ።

"አይቶ ነበር?" አለች።

"ምኑን?"

"ጣውላዋን። ልጄ አይቶ ጠይቆህ ነበር?"

"አላየም" ማለት ይችል ነበር። የሚያስተባብለው የለም። "ጠይቆኛል" አላት።

"ምን አልከው?"

ያንን ቀልድ ነገራት። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። ዶርሲላ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

"ሳጥኑንስ በምን ሠራኸው?"

"በደህና ጣውላ።"

"ሲሞት ደህና ጣውላ ተገኘለት።" የእጇን ቅርፊት በቀሚሷ ጠረገች። "በጸሎቴ ያንተን ስም ከልጄ ስም አስከትዬ ነበር የምጠራው። ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም።"

ኦቢየሮ በጉልበቱ ሊንበረከክ ሲል እጇን ዘረጋችና ከለከለችው። "ይቅርታ እንዳትለኝ። ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ እሷን ቃል እንዳልሰማት። ደግሞ ለእኔ ብቻ ሹክ ብለህ ምስጢርህን አላዝልልህም። ስትመረቅበት በኖርክበት ጉባኤ ፊት ትናገራለህ። አሁን ሂድ።"

በሚቀጥለው እሑድ ተናገረ። የኦድዋር አጎት በትር አንሥቶ ሲነሣ ሰው ያዘው። ዶርሲላ ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም። ኦቢየሮ ግን ገና አልጨረሰም ነበር። "ከዚያው አሮጌ ጀልባ የወጣ ሌላም ጣውላ አለ" አለ። "ኦቹዎዶ፣ ያንተ ጀልባ ውስጥ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከፊት።"

ኦቹዎዶ አፉን ከፍቶ አየው። ቀልድ አልመጣለትም። "ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆቼን አሳፍሬባታለሁ እኮ" አለ።

"አውቃለሁ። በወጣህ ቁጥር እስክትመለስ እጸልይ ነበር።"

"ምነው ከምትጸልይ በነገርከኝ?"

ሁሉም ወደ ዳርቻው ወረዱ፤ ኦቢየሮ ጣውላዋን ነቅሎ በሁለት እጁ ሲሰብራት ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌነቱ ቀረ፤ ጎሳው የፈረደበትን የካሳ ከብት ነዳ፤ ጀልባ የሚያሠራ ወደ ሌላ መንደር ይሄድ ጀመር። ዩኒታ፣ "ስንት ዓመት ከጎኔ ተኝተህ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መምህር ኤልካና አንድ ቀን ሊጠይቀው መጣና እንጨት ላይ ተቀመጠ።

"እዚያኛው ዓለም እነግራታለሁ እል ነበር" አለው ኦቢየሮ። "ሁሉ በሚታበስበት።"

መምህሩ ሸሚዙን እያስተካከለ አሰበ። "በየእሑዱ የማስተምርህ እኔ ነበርኩ" አለ። "መደበቂያ ስሠራልህ ኖሬያለሁ። እኔም እኮ የኦድዋርን እናት እንባሽ ይታበሳል ብዬ ነው የሸኘኋት፤ ምን እንደሚያስለቅሳት አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።"

ዝናቡ ሊገባ ሲል ዶርሲላ ራሷ ወደ ሥራ ቦታው መጣች። ኦቢየሮ ያረጀ ጀልባ ለማገዶ እየፈታ ነበር። ሊያስቀምጣት በርጩማ ቢጎትትላት አልተቀመጠችም።

"ይቅር አላልኩህም" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ልነግርህ የመጣሁት ሌላ ነው። እስከዛሬ በመቃብሩ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ትናንት አጠገቡ ቁጭ ብዬ አወራሁት።"

"ምን አልሽው?"

"እሱ የእኔና የልጄ ነው።" ወደ ውሃው እያየች ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች። "ስድቤ አሁንም ስድብ ነው፣ ስለ እሱ ለልጄ መልስ እሰጣለሁ። አንተን በዚያኛው ዓለም ባገኝህ ግን ምን እንደማደርግህ አላውቅም። እግዜር ያውቃል። ብቻ እኔ ወደዚያ መሄዴ አይቀርም፤ ልጄን ላየው እፈልጋለሁ።"

ይህን ብላ ቁልቁለቱን ወረደች። ኦቢየሮ ሊጠራት ፈልጎ፣ ምን ብሎ እንደሚጠራት ጠፋው። መዶሻውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።