የጊንጧ አራስ ቤት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። እኔ ሸዋገነት ግን የሰማሁትን አይደለም የማወራው፤ በገዛ ቤቴ ያየሁትን ነው። ቀሐ ወንዝ ዳር ባለችው ቤቴ፣ ለልጄ መታረሻ ብዬ ኖራ ባስቀባሁት ክፍል ውስጥ ጊንጥ ታረሰች። የሚስቅ ካለ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ ኋላ መሳቂያ የለውም።

ልጄ ቤዛዊት የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወደ እኔ መጣች። ወጉ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚታረስ። ባሏ እንግዳው ሳንጃ ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው የሚሠራ። ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሸጋ ልጅ፣ ጠጉሩ ግንባሩ ላይ የተደፋ። ክርስትና ሳይነሣ አንድ ማለዳ ስትነቃ ከጎኗ ቀዝቅዞ አገኘችው። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና «አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፤ የማንም ጥፋት አይደለም» አለ። ክርስትና ያልተነሣ ነውና ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው፣ ለቅሶውም በወጉ አልተለቀሰ። አባቱ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደው፤ ይኸው ነው።

የሰው አፍ ግን ዝም አይልም። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ይመኙሽ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት። ሊያጽናኑ ከመጡት ሴቶች ጋር ደጅ ቆማ «ተኝታበት ይሆን?» ስትል ልጄ ከውስጥ ሰማች። እኔም ሰማሁ። ያን ዕለት ለይመኙሽ ያልኋትን አልደግመውም፤ የነፍስ አባቴ ለሱም ስግደት አዘውብኛል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቃሉ አንዴ ወጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤዛዊት አፏን ዘጋች። ብዪ ስላት ትጎርሳለች፣ ጠጪ ስላት ትጠጣለች። ጡቷ እየፈሰሰ ቀሚሷን ሲያበሰብሰው እንኳ ቀይሩልኝ አትልም። እኔ ገመዱንም ቢላውንም ከቤት አውጥቼ እግር በእግር እከተላት ጀመር። ልጁን አጥቻለሁ፤ እሷን ደግሞ እንዳላጣ፣ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

እንግዳው አንድ ቀን ከሳንጃ ሰሊጥ በማዳበሪያ ይዞ መጣ። የማዳበሪያውን አፍ ሲፈታው ከእጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ነገር ወጣችና ወለሉ ላይ ቆመች። ጅራቷ አውራ ጣቴን ያህላል። እንግዳው ወደ ኋላ ዘለለና «እማማ፣ እንዳይጠጓት። ይች ሰው የምትገድለዋ ናት» አለኝ። እኔ ምን ቆርጦኝ ልጠጋት፤ ጫማዬን አወለቅሁና አነሣሁ።

«አትግደያት።»

ቤዛዊት ናት፤ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። ድምጿ ካለመናገር ብዛት ሻክሯል። ጫማው በእጄ እንደተነሣ ቀረ። ያቺን አንዲት ቃል ለመስማት እኮ ያልጠናሁት ደጅ፣ ያላጠጣኋት ጠበል የለም። ጊንጥ ትቅርና ጅብም ቢሆን ከቤቴ ይደር አልሁ።

ጊንጧ እንዲህ ሆና ከቤቴ ቀረች። ቤዛዊት የመስታወት ሳጥን አስመጣች፣ አሸዋ ሞላችበት፣ መደበቂያ ይሁናት ብላ የእንስራ ገል ደፋችላት። የቆላ ፍጡር ናትና ጎንደር ትበርዳታለች ብላ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ እየሞላች ከሳጥኑ ጎን ታስጠጋለች። ውኃዋ የረጠበ ጥጥ ነው፤ ምግቧ ፌንጣና በረሮ። እኔ በረሮ ሳይ አገር ይያዝልኝ የምል ሴት፣ ለጊንጥ በረሮ አዳኝ ሆንሁ። ልጄ ቀን ሙሉ ስልኳ ላይ ስለ ጊንጥ ታነባለች። አሁን ትናገራለች፤ የምትናገረው ግን ስለሷ ብቻ ነው። «እማ፣ ዛሬ አልበላችም።» «እማ፣ ሆዷ ሰፋ፣ አየሽው?» የባሏን ስም አትጠራ፣ ስለ ሟቹ ትንፍሽ አትል። ሳጥኑን የምትሸፍንበትን ጨርቅ አንድ ቀን ልብ ብዬ አየሁት። ለልጁ የገዛሁት ብጫ ብርድ ልብስ ነው።

አንድ ጧት «እማ፣ ነይ፣ ወለደች» አለችኝ።

ጊንጥ እንቁላል የምትጥል ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደኛው ነው የምትወልድ። የተቀቀለ ሩዝ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ከሥሯ ይወጣሉ፣ እግሯን ይዘው ይንጠላጠላሉ፣ ከዚያ ጀርባዋ ላይ ይሰፍራሉ። እሷም እግሮቿን አጥፋ መወጣጫ ሠርታላቸዋለች። ያስጠላል ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ልጄ መስታወቱን ግንባሯ እስኪነካ ድረስ ተጠግታ ታያለች፣ ዓይኗን አትሰብርም።

«ቆዳቸውን እስኪገፉ ድረስ ጀርባዋ ላይ ናቸው» አለች። «እንግዲህ አራስ ናት፤ ማንም አይግባባት። ከደነገጠች ትበላቸዋለች።»

ይኸ አልዋጥልሽ አለኝ። በእኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ሰው ከቧት፣ ጠያቂ ጎርፎላት ነው የምትታረስ። የጊንጧ አራስ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። መስኮቱ በጋቢ ተጋረደ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በጣቴ መሄድ ጀመርሁ። ውጭው ፀሐይ ነው፣ የሰው ድምፅ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን በጠራራ ቀን ጨለማ። ልጄ እዚያ ጨለማ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አንድ ቀን ስታንሾካሹክ ሰማሁና ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ።

«ስትተኚ እንዳትገለብጫቸው» ትላታለች። «ነቅተሽ እደሪ። እንቅልፍ እንዳይጥልሽ።»

እንግዳውን ጓሮ ጠርቼ ይችን ጊንጥ አውጥተህ ጣልልኝ አልሁት። «ከጣልናት እንደገና ዝም ትላለች፣ እማማ» አለኝ። እውነቱን ነው። ተውነው።

ይመኙሽ ወሬውን ሰማች፤ እሷ የማትሰማው ወሬ የት ይገኛል። ምላሷ ያበላሸውን ለመካስ ይሁን ለዓይኗ ቀለብ፣ እኔ እንጃ፣ ቤዛዊት ጓሮ ገላዋን ስትታጠብ ጠብቃ ገባች። «አራስ ሳይጠይቁ ይቀራል እንዴ» እያለች ትስቃለች። ሱቋ ውስጥ የውሸት ብር የምትለይባትን ትንሽ መብራት ይዛለች። «ጊንጥ በዚህ ታበራለች ይላሉ፤ እንየው።» ምነው አንቺ፣ አይነካም ብዬ ክንዷን ሳልይዝ ብርድ ልብሱን ገለጠችው፣ መብራቷንም አበራች።

ጊንጧ አረንጓዴ ሆና በራች። ሻማ እንደዚያ አይበራ፣ አምፖልም አይበራ። ከውስጧ የሚወጣ ነው የሚመስል፤ ጉጠቷ፣ ጅራቷ፣ እያንዳንዱ እግሯ ጨለማው ውስጥ ተሥሎ ታየ። ልጆቿ ግን አልበሩም። ጀርባዋ ላይ ጉድጓድ ያለ ይመስል ጠቁረው ቀሩ። ይመኙሽ ደንግጣ ስታማትብ የያዘችው መብራት መስታወቱን ገጭ አደረገው። ጊንጧ ተሽከረከረች፤ ከልጆቿ አንዱ አሸዋው ላይ ወደቀ። በጉጠቷ አነሣችው። ወደ ጀርባዋ የምትመልሰው መስሎኝ ነበር።

ወደ አፏ ወሰደችው። ቸኩላ አይደለም፤ ቀስ ብላ፣ እያላመጠች።

ዞር ስል ቤዛዊት ከኋላችን ቆማለች፣ ጠጉሯ ውኃ ያንጠባጥባል። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ በወደድሁ። ጊንጧ እስክትጨርስ ድረስ ቆማ አየችና «እሷም» አለች። ይመኙሽ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። እንግዳው አለ ብዬ ነው። ለካ እሷ ሙዝ አማረኝ ብላ ልካዋለች። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አማረኝ ስላለችው እሱም በደስታ በርሮ ሄዷል። ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። በሩን ገፋ አደረግሁ።

ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የሳጥኑ ክዳን ተነሥቷል፣ እጅጌዋ ተሰብስቧል። እጇን አሸዋው ላይ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ዘርግታዋለች። እጇ ይሞቃላ፤ ነጫጮቹ ከእናታቸው ጀርባ እየወረዱ መዳፏ ላይ እየወጡ ነው። በጣቶቿ መካከል ይርመሰመሳሉ። እናትየው የእጇ አንጓ ፊት ጅራቷን አቁማ ቆማለች። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም።

«እማ፣ እንዳትጠጊ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«እጅሽን አውጪው፣ የኔ ልጅ።»

«ምያለሁ። ተኝቼበት ከሆነ ትንደፈኝ፤ ካልሆነ ትተወኝ። ሐኪሙም አያውቅ፣ ቄሱም አያውቁ፣ እኔም አላውቅም፤ ተኝቼ ነበራ። እሷ ትፍረድ።»

በእኛ ዘንድ መሐላ ዋዛ አይደለም። እውነቱ የጠፋ ዕለት ሰው ደጀ ሰላም ቆሞ ይምላል። ከማለ በኋላ እባብ ከነደፈው፣ መብረቅ ከመታው፣ በሐሰት ምሎ ነው ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ይዘጋል። ልጄ ይኸን እየሰማች ነው ያደገች፤ ከኔው አፍ ጭምር። እንግዲህ ጊንጥ ዳኛ አድርጋ ሰይማ ፍርድ ትጠብቃለች። ብትነደፍ ትሞታለች፤ ያውም ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብላ ነው የምትሞት። ባትነደፍ ደግሞ ነገም እጇን ትዘረጋለች፣ ከነገ ወዲያም። አውቃታለሁ፤ እልኳ ከኔው የወጣ ነው። እጇን ጎትቼ እንዳላወጣ የጊንጧ ጅራት ከሥጋዋ አንድ ጣት አይርቅም።

ፈራሁ። ከዚያ ንዴቴ መጣ። በጊንጧ ተናደድሁ፣ በይመኙሽ ምላስ ተናደድሁ፣ ለቅሶ በነፈገን ወግ ተናደድሁ። ሄጄ ከሳጥኑ አጠገብ ተንበረከክሁ።

«እንግዲያው እኔም ልማል» አልሁ። «ልጁን የገደልሁት እኔ ከሆንሁ ትንደፈኝ።»

እጄን በሷ እጅና በጊንጧ መካከል ሰደድሁት።

ጊንጧ አላመነታችም። እሳት ነው እንዳልል እሳት ይሻላል። ከጣቴ ተነሥቶ ክንዴን እየበላ ብብቴ ሲደርስ ተሰማኝ፤ ክፍሉ ዞረብኝ። ቤዛዊት «እማ» ብላ እጇን አወጣች፣ ትንንሾቹን አሸዋው ላይ አራገፈቻቸው፣ ክዳኑን ገጠመችና ያዘችኝ። እኔን ደግፋ መንገድ ላይ ስትሮጥ ጫማ አላደረገችም። ባጃጅ አስቆመች፤ ለነጂው «ሆስፒታል፣ ቶሎ» አለችው። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያታል፤ ልጁ ከሞተባት ጧት ወዲህ ከግቢ ወጥታ አታውቅም።

ባጃጁ ውስጥ እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛዋለች። አንጓዋ ላይ አንዲት ነጭ ቀርታ ነበር፤ በቀስታ ወደ ክርኗ ትጓዛለች። አየኋት፤ ለመናገር ግን ሌላ ነገር ይቀድምብኝ ነበር። ምራቄ አፌን ሞልቶታል፣ ምላሴ እየደነዘዘ ነው።

«በይ እንግዲህ» አልኋት። «ፈረደች። ልጁን የገደልሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ትያለሽ እማ።»

«ምዬ ነደፈችኝ። ፍርድ ነው አላልሽም?»

«አንቺ እኮ አልነበርሽም» አለች። «ድብ ባሕር ነበርሽ፤ ለአያ ሰጠኝ ለቅሶ ሄደሽ በማግስቱ ነው የመጣሽ። እንዴት አድርገሽ ትገድይዋለሽ።»

«እኔ ካልሆንሁ ጊንጧ ዋሸቻ።»

ባጃጁ አቀበቱን እያቃሰተ ይወጣል። እኔ ክንዴን ሳይሆን ፊቷን ነበር የማየው።

«ዋሸች» አለች በመጨረሻ። «የነካትን ነው የምትነድፍ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እና ልጄን ማን ገደለው?»

ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም። ጥፋተኛ ባገኝላት፣ ራሴንም ቢሆን፣ እሰጣት ነበር።

«ማንም» አልኋት። «ማንም አልገደለውም፣ የኔ ልጅ። ሞተ።»

ይኸን ጊዜ ነው ያለቀሰች። «ልጄን፣ ልጄን» እያለች፣ ደረቷን እየመታች፣ ሰው ሁሉ የነፈጋትን ለቅሶ ባጃጅ ውስጥ አለቀሰች። ነጂው ሙዚቃውን አጠፋ።