የፔቱኒያ እንቅልፍ

«ለሃርጊስ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የከተማው ምክር ቤት ባካሄደው ጥልቅ ውይይት፣ የክቡር ከንቲባው ውሻ ፔቱኒያ በሳይረን ጩኸት ሳቢያ የቀን እንቅልፏን በአግባቡ መተኛት እንደተሳናት በመገንዘብ፣ በምሥራቁ ኮረብታ ላይ የተተከለው ሳይረን ከዛሬ ጀምሮ እንዳይጮህ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ ደስታ ይገልጻል።»

እውነቱን ለመናገር፣ የውሻዋ ስም በማስታወቂያው ላይ አልነበረም። «የነዋሪዎችን ጸጥታ ለማስከበር» ነበር የተባለው። ስሟን አሁን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያኔ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሆኜ ያንን ወረቀት የተየብኩትም እኔው ነኝና መብቴ ይመስለኛል።

ለእኛ ለኦክላሆማ ሰዎች የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሰዓት ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ለሙከራ ይጮሃል፤ ያኔ ሥጋው ፍም ላይ ይወጣል። በሌላ ቀን ከጮኸ ደግሞ የእኛ ሰው ምድር ቤት አይወርድም፤ በረንዳ ላይ ወጥቶ አውሎ ነፋሱን በዓይኑ ይፈልጋል። ካልጮኸ ግን ነገሩ አበቃ። ሰማዩ ቢጠቁር «ሳይረን መች ጮኸ?» ይልና የቴሌቪዥኑን ጣቢያ ይለውጣል።

በዚያ በምሥራቁ ኮረብታ አናት ላይ ከንቲባ ራንዳል ኮፊልድና ፔቱኒያ ይኖራሉ። ምድር ቤታቸው ከእኔ መኖሪያ ይሰፋል። ከኮረብታው ሥር ደግሞ ተጎታች ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር አለ፤ አክስቴ ሎሪን እዚያ ትኖር ነበር። ምድር ቤት የሚባል ነገር የለም። ጎማ ላይ ለቆመ ቤት ማን ጉድጓድ ይቆፍርለታል?

በግንቦት አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ እንደ በለዘ ሥጋ አረንጓዴ ሆነ። በከተማው ምዕራብ ያለው ሌላው ሳይረን ጮኸ፤ ነፋሱ ግን ድምፁን ወደ ሌላ ወሰደው። የምሥራቁ በውሳኔው መሠረት ዝም አለ።

ኦርቪል ታኬት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ የእሳት አደጋ መኪና የነዳ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለው ቤተሰብ የእሳት አደጋ ጣቢያው ብቻ ነው፤ ቁርሱን እንኳ የሚበላው እዚያ ነው። አዲሷን መኪና ያለ ከንቲባው የጽሑፍ ፈቃድ ማንቀሳቀስ ክልክል ነበር። በየዓመቱ በነፃነት ቀን ሰልፍ ላይ ትወጣለች፤ ከንቲባው ከላይ ሆኖ ከረሜላ ይበትናል፣ ከዚያ ታጥባ ትገባለች። ኦርቪል በዚያ ሐሙስ ፈቃድ አልጠየቀም። ቁልፉን አነሳ፣ ጡሩንባውን እያስጮኸ ወደ ተጎታች ቤቶቹ ሰፈር ገሰገሰ።

«እኔማ ሰልፍ መስሎኝ!» ትላለች አክስቴ። ሰፈርተኛው ሁሉ እንደ እሷ መስሎት በረንዳ ላይ ወጣ። ልጆች ለከረሜላው ላስቲክ ይዘው ሮጡ።

«ግቡ!» ብሎ ጮኸ ኦርቪል በመስኮት። «ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ግቡ!»

«ከረሜላውስ?» አለች አክስቴ።

«ከረሜላሽን መላእክት ይስጡሽ! ዞር ብለሽ እዪ፣ አንቺ ደረቅ!»

ዞር አለች። ከስንዴው ማሳ ማዶ ጥቁር ዓምድ ቆሞ ይሽከረከራል።

«ቆይ፣ ምድጃዬን ላጥፋ።»

«እሱ ያጠፋልሻል!» አለና ክንዷን ይዞ ጎተታት።

በሰፈሩ የግንብ ሥራ የሆነው ያ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ቤት ብቻ ነበር። ሃያ ሦስት ሰው በማጠቢያ ማሽኖቹ መሃል ተጠቅጥቆ ተቀመጠ፤ ኦርቪል በጀርባው በሩን ደግፎ ያዘ። ሲወጡ ሰፈሩ የለም። የአክስቴ ቤት ዛፍ ላይ እንደ ሻሽ ተጠምጥሟል። የእሳት አደጋ መኪናዋ ማሳው ውስጥ በጀርባዋ ተንጋላለች። ከሰው ግን አንድም አልሞተም። ኮረብታው ላይ አንድ መስታወት ተሰነጠቀ፤ ፔቱኒያ አልነቃችም ይባላል።

በማግስቱ ከንቲባው አዲስ ቦት ጫማ አድርጎ መጣ፤ አክስቴን አቅፎ ፎቶ ተነሳ። «እግሬን ረግጦ ነው ያቀፈኝ» አለችኝ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የምሥራቁ ሳይረን፣ ማንም ሳይነግረን፣ ኮረብታው እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ፍርስራሽ የሚለቅሙት ሰዎች ቀና ብለው አዩት። ማንም አልሳቀም።

በሦስተኛው ሳምንት ምክር ቤቱ ኦርቪልን ጠራ። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። አክስቴና ሰፈርተኞቿ ከኋላ ቆመዋል።

«አቶ ታኬት፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ ከንቲባው። «ይህችን ትፈርማለህ፣ ወደ ጣቢያህ ትመለሳለህ። ካልፈረምክ ቁልፍህንና የራስ ቁርህን እዚህ አስቀምጥ።»

ወረቀቷን የተየብኳት እኔ ነኝ፣ ምላሴን ነክሼ። «ሳይረኑ በአግባቡ እየሠራ ሳለ፣ በድንጋጤ ተሳስቼ የሕዝብ ንብረት ያለ ፈቃድ ወስጃለሁ» ትላለች። አንዲት ፊርማ ካረፈባት፣ ያ ሳይረን ድሮም ዝም ብሎ አያውቅም ማለት ነው።

ኦርቪል መነጽሩን አደረገና አነበባት። ጣቱ ከቃል ወደ ቃል ሲሄድ ቆየ።

«ኦርቪል፣ ብትፈርም እኔ ራሴ ነኝ የማንጋልልህ!» አለች አክስቴ።

«ሥርዓት!» አለ ከንቲባው።

«ሥርዓቱማ ውሻህ ተኝታበታለች!»

ኦርቪል ዞር አላለም። የራስ ቁሩን ከጭኑ ላይ አነሳ። ግንባሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቀለም ተፋፍቋል፤ በአውራ ጣቱ አንዴ ጠረገው። ከዚያ ወረቀቷ ላይ ደፋውና ቁልፉን ከጎኑ አኖረ።

ከንቲባው ይህን አልጠበቀም ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት ለአንዲት ፊርማ? ሰውዬ፣ ቢያንስ ምክንያትህን አስረዳና በቃለ ጉባኤ ይያዝልህ።»

ብዕሬን አዘጋጀሁ። ኦርቪል ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ኮቱን ቆለፈ።

«አላስረዳም» አለ።