መለያ የጠፋባቸው መደቦች

ተማሪዋ ሦስተኛውን የመደብ መለያ ገለበጠችው። ባዶ ነው። አራተኛውም። ጽሑፉን ፀሐይ በልቶታል።

በእርሳስ ጻፊ ተብላ ነበር። ቸኩላ በእስክርቢቶ ጻፈች። ካርታም አልሣለችም፤ መለያው አለ ብላ።

አሥራ ሁለት መደብ የዱር መኖ። ተክሉ አንድ ነው፤ ዘሩን ግን ከአሥራ ሁለት ደረቅ ቦታ ለቅማ ያመጣችው ራሷ ናት። መልኩ እንደየቦታው እንዴት እንደሚለያይ ልትለካ። የትኛው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ምኑ ይለካል? አማካሪዋ ደግሞ ነገ ይመጣል።

"ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አሉ አራሚዋ ሴትዮ፣ ከመደቡ ቀና ብለው።

"መለያው ጠፋ እትዬ። የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።"

"ተክሎቹ ቆመው የለ እንዴ?"

"ከየት እንደመጡ ነው የጠፋኝ።"

ሴትዮዋ ሳቁ። "ይሄ መሬት ለመሬት የሚሳበው የአሸዋው ወንዝ ዳር ነው። ያ ቅጠሉ ጠጉራም፣ የድንጋያማው ኮረብታ። ፍሬው የተጠመዘዘው የጨው ሜዳው። ስንዘራ እየጠራሽልኝ አልነበር? ሰባት ወር ያሳደግኳቸው እኔ፣ ልጆቼን ልርሳ?"

አላመነችም። ዘጠነኛው መደብ ላይ ቅጠል የጋረደው አንድ መለያ ተርፏል። በጫማዋ ሸፈነችው።

"ይሄስ?"

"ቀጥ ብሎ የቆመው ሰፊ ቅጠል? የገደሉ ሥር ነዋ። በይ አሁን እግርሽን አንሺና አንብቢው።"

አነሳች። ልክ ናቸው። የምትገባበት ጠፋት።

"ይቅርታ እትዬ።"

"ተይ ባክሽ፤ ጻፊ፣ ፀሐዩ በረታ።"

አሥሩን ተራ በተራ ጠሩላት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጋ ሲደርሱ አጎንብሰው ቅጠሉን ዳሰሱ፣ ግንዱን ለኩ በጣታቸው።

"እነዚህ መንታ ናቸው። አንዱ የጉድጓዱ ዳር ነው፣ አንዱ የሜዳው። የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አልዋሽሽም።"

አማካሪዋ የሚጠብቀው አሥራ ሁለት ነው። ብትገምት ማንም አያውቅባትም፤ ግማሽ ዕድልም አላት።

ሴትዮዋን አየቻቸው። ቀሚሳቸውን እያራገፉ ነው። እኚህ ሰው የማያውቁትን አላውቅም ባይሏት ኖሮ አሥሩንስ በምን ታምናቸው ነበር?

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።"

"ለምኑ? ሁለቱን አጠፋሁብሽ እኮ።"

ለአማካሪዋ የምትሞላውን ቅጽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የመደብ ብዛት በሚለው ላይ "አሥር" ብላ ጻፈች።