ማህሌት አፏን ዘግታ ትስቃለች

«አፍሽን ክፈቺ የኔ እመቤት፣ አይዞሽ፣ አላሳምምሽም» አለች የጥርስ ሐኪሟ።

ማህሌት ጭራሽ ጥርቅም አደረገችው። የደብረ ታቦር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢገፋ የማይከፈት በር ሆነች።

ደግሞ ምን ይፈረድባታል? አራት ዓመት ሙሉ «ዝጊ» ስትባል ኖራ ዛሬ ደርሰው «ክፈቺ» ይሏታል። ከገሳይ ወዲያ፣ ጉና ሥር ባለችው መንደራቸው፣ ልጅቱ በሳቀች ቁጥር እናቷ ትርንጎ «አፍሽን!» ትላታለች። ጥርሶቿ ገና ከድድ ብቅ ሲሉ ጀምሮ ጭስ እንደበላው ግድግዳ ግራጫና ቢጫ ናቸው። የመንደሩ ልጆች «ከሰል ቆርጣሚት» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ መቼም ልጅ ስም ለማውጣት ሲሆን ሰነፍ የለውም። ማህሌትም ብልጥ ናትና ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ መሳቅ ለመደች። ስትስቅ ላያት ልታስነጥስ የተሰናዳች ድመት ነው የምትመስለው።

ዛሬ የመጡት ግን ለቀለሙ አይደለም። አንዱ መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ጉንጯን እንደ ድንች ስላሳበጠው ነው።

ሐኪሟ ሠናይት ትባላለች፤ በዕድሜ ከትርንጎ ብዙም አትበልጥም። ልመናውን ተወችና ትንሿን መስታወት ለማህሌት አስያዘቻት። ልጅቱ ወዲያ ወዲህ አየች፤ ከዚያ የራሷን ጥርስ ልታይ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች።

ሠናይት ጎንበስ ብላ አየቻት። ቀጥሎ ዓይኗ ከነጠላው ሥር ወደ ገፋው የትርንጎ ሆድ ዞረ።

«ያበጠውን ዛሬ እናክመዋለን። ግን ልጠይቅሽ፣ ይቺን አርግዘሽ ሳለሽ ምን ትወስጂ ነበር?»

ትርንጎ ይህችን ጥያቄ ስትፈራት ነው የኖረችው። ከቄስ አፍ ትመጣለች ብላ ስትጠብቃት፣ ነጭ ጋውን ለብሳ መጣችባት።

«ወተት» አለች፣ ድምፅዋ ተውጦ።

«ምን?»

«ወተት ጠጣሁ፣ ዶክተር። በሁዳዴ። አማረኝና ጓዳ ገብቼ፣ ከቅሉ። ማንም አያውቅም። እግዜር ግን አየኝና በልጄ ጥርስ ላይ ጻፈው።»

ሠናይት ከት ብላ ልትስቅ ጀምራ የትርንጎን ዓይን ስታይ ተወችው። ከዚያ ሁዳዴ ወዲህ ትርንጎ በፍስክም ቢሆን ወተት ቀምሳ አታውቅም። እያለበች ለሰው ታጠጣለች፤ ራሷ ግን እጇን ታጥባ ትነሣለች። ሲጠይቋት «አይስማማኝም» ነው መልሷ።

«ወተትማ ጥርስ ይሠራል እንጂ አያጠቁርም» አለች ሠናይት። «የልጅ የወተት ጥርስ መሠራት የሚጀምረው በእናቱ ሆድ ሳለ ነው። ያኔ የምትበይው፣ የምትውጪው ለእሷም ይደርሳታል። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒትስ በአፌ አልዞረም!»

«ራስሽን ሲያምሽ፣ ወገብሽን ሲይዝሽስ?»

«እሱንማ ቴትራ እውጥበታለሁ።» የመቀነቷን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ቀይና ቢጫ እንክብል በመዳፏ ላይ ተንከባለለ። «አማቴ ናቸው የሚሰጡኝ። ይሄ ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ? ገበያ ላይ ከመርፌና ከክር ጋር የሚቸረቸር!»

ሠናይት እንክብሉን አንሥታ አየችው።

«ይኸው ያጠቆራት» አለች። «ቴትራሳይክሊን እርጉዝ ስትውጠው የልጁ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አሁንም ትወስጃለሽ?»

«አልፎ አልፎ... ወገቤ ሲብስብኝ።»

«ከዛሬ ወዲያ እንዳትነኪው። ወገብሽ ሲያምሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የማህሌት ጥርስ ይወልቃል፤ ይሄን እሷም ካልዋጠች አዲሱ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ወተትም ጠጪ። የጾሙን ነገር ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።»

ወደ ገሳይ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደርቧል፤ ጉልበት ከጉልበት ተጋጥሟል። አንዷ ዶሮ ሳትቀር ሰው ጭን ላይ ተቀምጣለች። ትርንጎ ግን ብቻዋን ነበረች። ወተቱ ኃጢአት ሆኖ ልጇን አልመታትም! እልል ማለት አማራት፤ ግን ለማን? አዲስ አበባ ለቀን ሥራ የሄደው ባሏ በላይነህ ጋ ደወለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» አለቻት ሴትዮዋ። በላይነህ ከሄደ ወዲህ ከእሱ ይልቅ ይህችን ሴትዮ ነው የምታወራት። ድምፅዋማ ያምራል፤ ምን ዋጋ አለው፣ አታዳምጥ።

ደስታው ገሳይ ሳይደርስ መረረ። እንክብሉን ያጎረሷት አማቷ እማማ አሰለፈች ናቸው። «በላሽ ወይ?» የሚላት ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ማታ ማታ እጃቸውን እሳት ላይ አሙቀው ወገቧን ያሹላታል። እንክብሉንም ከእንቁላል ሽያጭ በተረፋቸው ነው የሚገዙላት፣ በእግራቸው ገበያ ወርደው።

ቤት ሲደርሱ እማማ አሰለፈች ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ወይ የኔ ልጅ፣ ብርዱ ገደላችሁ። የልጄን ጥርስ ምን አሉት?»

ትርንጎ የአሮጊቷን እጅ አየች። የተሰነጣጠቀ፣ ሙቅ እጅ።

«የእግዜር ሥራ ነው አሉ» አለች።

«ተመስገን! እኔስ ቡዳ ነው፣ ዓይን ነው ስል ከረምኩ።» አማተቡና ከጓዳ እንክብል የተቋጠረባት ጨርቅ ይዘው ወጡ። «በይ ነይ፣ መኪናው ወገብሽን ቆርጦታል። አንዷን ዋጪ። ለየሺም ሁለት ሰጥቻታለሁ ዛሬ። ምስኪን፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ እኮ ነው፣ ‹ወገቤን› እያለች ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።»

ትርንጎ የተዘረጋላትን ውኃ ተቀብላ እንክብሉን ተወችው። ከተናገረች ያ እጅ ዳግመኛ ወገቧን ላይነካ ይችላል። በዚህ ቤት ደግሞ ሌላ እጅ የለም። ካልተናገረች፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው የሺም ነገ ልጇን «አፍሽን!» ማለቷ አይቀርም።

ማህሌት ያበጠ ጉንጯን ይዛ ድመቷን ታባርራለች። ድመቷ እንስራው ላይ ወጥታ ስትንሸራተት ልጅቱን ሳቅ አፈናት፤ እንደ ልማዷ እጇን ወደ አፏ ሰደደች።

ትርንጎ ውኃውን መሬት አስቀምጣ የልጇን እጅ ከአፏ ላይ አወረደችው።

«ሳቂ» አለቻት። ከዚያ በርጩማውን ስባ ለአሮጊቷ አስጠጋችላቸው። «እማማ፣ ቁጭ ይበሉ። ቅድም የነገርኩዎት ውሸት ነው። እውነቱን ልንገርዎትና አብረን የሺ ዘንድ እንሂድ።»